ትልቅ ጠመንጃ የተኳሹን ስህተት አይሸፍንም

ስለ አደን ጠመንጃ፣ ስለ ጥይትና ስለ ማነጣጠሪያ መነጽር አመራረጥ ለጀማሪዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እጄ ገባና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ንባብ አስደነገጠኝ፤ ሁለተኛው ብዕር አስነሣኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አቅምህ የፈቀደውን ትልቁን ካሊበር፣ ማለትም አፈሙዙ ሰፊ የሆነውን ጠመንጃ፣ ግዛ፤ ትልቅ አረር (ከጥይቱ ተነጥሎ የሚወረወረው ክፍል) የተኳሹን ስህተት ይሸፍናል። ካሊበሩ ትልቅ ከሆነ ኃይሉም ትልቅ ነው። ስለ ጥይቱ ዓይነት አትጨነቅ፤ አረር ሁሉ አረር ነው። ከመነጽሮች ሁሉ አብልጦ የሚያጎላውን ምረጥ። እንዲህ ያለ መነጽር ካለህ 500 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳ መምታት ለማንም ቀላል ነው። ሻጩ መነጽሩን ካሰረልህ በኋላ ዒላማ በማስተካከል ጥይት አታባክን። እርሳስ የሌለበት ጥይት የፋሽን ጉዳይ ነው። የተኮስክበት እንስሳ ካልወደቀ ስተኸዋልና ወደ ሌላው እለፍ።

የመጨረሻው ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ለአደን ያላቸውን ፍቅርም አልጠራጠርም። የምስማማበትም አለ። ለመጀመሪያ ጠመንጃ በእጅ የሚቀባበለውን መምረጣቸው ትክክል ነው። የጀርመን ሠራዊት በ1898 የተቀበለው የማውዘር አሠራር፣ ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ጀምሮ ነክሶ የሚይዘው ትልቅ መንጠቆ ያለበት፣ ዛሬም በብዙ የአደን ጠመንጃዎች ውስጥ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽዳቱ ቀላል ነው፤ ባዶ መሆኑንም ከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። የሰደፉ ርዝመት ከተኳሹ ክንድ ጋር መመጣጠን አለበት ያሉትንም ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ክርክሬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋናው ሐሳባቸው። ትልቅ ካሊበር ስህተትን ይሸፍናል የሚለው አባባል ከአዳኝ ወደ አዳኝ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ግን ውኃ አያነሣም። አረር እንስሳን የሚገድለው ልብን፣ ሳንባንና ትላልቅ የደም ሥሮችን ቀዶ ደም ወደ አንጎል እንዳይደርስ ሲያደርግ፣ አለዚያም አንጎልን ወይም በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ሲበጥስ ነው። ልቡ የተመታ አጋዘን እንኳ አንጎሉ ውስጥ በቀረው ኦክስጅን ለአሥር ሰከንድ ያህል ሊሮጥ ይችላል፤ በአሥር ሰከንድ ደግሞ መቶ ሜትር ይርቃል። መካከለኛ ቁመና ባለው አጋዘን ላይ የልብና የሳንባው ቦታ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ክብ ውጭ ሆድ ወይም ጭን ላይ ያረፈ አረር 7 ሚሊ ሜትርም ሆነ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። በሁለቱ አረሮች ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ምናምን ነው። ተኳሹ የሳተው ግን በጋት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር አንድን ጋት እንዴት አድርጎ ይሸፍናል?

እንዲያውም ትልቁ ጠመንጃ ስህተትን ይወልዳል። ለአሜሪካ ጦር በ1906 የተሠራው .30-06 ስፕሪንግፊልድ የተባለው ጥይት (በነጥብ የሚጀምረው ቁጥር ካሊበሩን በኢንች ይናገራል) 11.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ሲወረውር ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫ በጉልበት መለኪያ 27 ጁል አካባቢ ነው። በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም 19.4 ግራም አረሩን ሲወረውር ርግጫው ወደ 50 ጁል ይጠጋል። እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። አእምሮ ቢረሳው እንኳ ሰውነት ይህን ምት አይረሳም። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጀማሪው ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውን አስቀድሞ ይገፋል፤ በቀስታ መጭመቅ የሚገባውን ምላጭ ይነጥቀዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለራሱ አይታወቀውም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ከራሴ ልናገር። በአደን የመጀመሪያ ዓመቶቼ ከአንድ ወዳጄ .375 ተውሼ ነበር። ዒላማ ላይ አሥር ያህል ጥይት ስተኩስ ትከሻዬ በልዞ ዋለ። በማግሥቱ በ80 ሜትር ርቀት ጎኑን ሰጥቶ የቆመ አጋዘን አገኘሁ። መስቀለኛው መስመር ከፊት እግሩ ጀርባ ልክ በቦታው እንደነበረ ያን ቀን ቢጠይቁኝ እምል ነበር። ተኮስኩ፤ አጋዘኑ ጀርባውን አጉብጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ከወራት በኋላ አንድ ልምድ ያካበቱ አዳኝ ያንኑ ጠመንጃ ራሳቸው እያጎረሱ ይሰጡኝ ጀመር። ሳላውቅ ከጥይቶቹ መካከል ባሩድ የሌለበት የልምምድ ጥይት ቀላቅለው ነበር። ምላጩን ስስብ ጠመንጃው አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ሦስት ጣት ያህል ወደ ታችና ወደ ጎን ሰመጠ። አዳኙ ዝም ብለው አዩኝ። ያን ዕለት ጠመንጃውን ለባለቤቱ መለስኩ። ስለ አጋዘኑ በኋላ እናገራለሁ።

የታላላቅ አዳኞች ታሪክም ከጸሐፊው ጋር አይቆምም። ካራሞጆ ቤል በሚል ቅጽል የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አፍሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን ገድሏል፤ አብዛኞቹን የገደለው በ1892 በወጣው በ7×57 ማውዘር ጥይት (ካሊበሩ 7፣ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊ ሜትር) ነው። ይህ ዛሬ ለመካከለኛ አጋዘን የሚመከር ጥይት ነው። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል አጥንት አጥንቶ አንጎሉ ከየትኛው ማዕዘን ሲታይ የት ጋ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ የሚጠቀመውም የማይከፈትና በጥልቀት የሚገባ ጠጣር አረር ነበር። ይህን ያነሣሁት በትንሽ ካሊበር ዝሆን ይታደን ለማለት አይደለም፤ የዚያ ዘመን እልቂትም የሚያስመሰግን አይደለም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን .375ን ዝቅተኛው መጠን አድርገው በሕግ ደንግገዋል፤ ደግ አድርገዋል፤ የቆሰለ ጎሽ ዞሮ ሰው ይገድላልና። ነገር ግን ጀማሪ ሰው ወደ ጎሽ አይሄድም። ለእርሱ .308 ዊንቸስተር፣ 7×57፣ ወይም ከ1894 ጀምሮ ያለው 6.5×55 ከበቂ በላይ ነው። የስካንዲኔቪያ አዳኞች በዚህ የመጨረሻው ጥይት እስከ 400 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የሰሜን ግዙፍ አጋዘን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያድኑበት ኖረዋል። ስለዚህ ጀማሪው መጠየቅ ያለበት ያለ ፍርሃት ሃያ ጥይት አከታትሎ መተኮስ የሚችለው የትኛውን እንደሆነ ነው፤ ከእነዚያ መካከል ለሚያድነው እንስሳ የሚመጥነውን ይውሰድ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ካሊበርንና ኃይልን አንድ ያደርጋል። ካሊበር የሚነግረን የአፈሙዙን ወይም የአረሩን ውፍረት ብቻ ነው። .30 ካርባይን፣ .308 ዊንቸስተር፣ .30-06 እና .300 ዊንቸስተር ማግነም አራቱም የሚወረውሩት 7.82 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አረር ነው። ከአፈሙዝ ሲወጡ ያላቸው ጉልበት ግን በቅደም ተከተል 1,300፣ 3,500፣ 3,900 እና 4,700 ጁል ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከባሩዱ መጠን፣ ከቀለሁ ስፋትና ከአረሩ ክብደት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የዘለሉት የደኅንነት ጉዳይ አለ፤ በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም። ስማቸው የሚመሳሰል ጥይቶች አንድ አይደሉም። 7.62×39፣ 7.62×51 እና 7.62×54 ሁሉም "7.62" ይባላሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ቀለህ፣ የተለያየ ርዝመትና የተለያየ ግፊት ያላቸው ናቸው፤ የአረራቸው ውፍረት እንኳ በትክክል አይገጥምም። ከአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ሙሉ ስም ከቀለሁ ግርጌ ከተጻፈው ጋር ቃል በቃል ሳያመሳክሩ አንድም ጥይት ማጉረስ አይገባም። ጥራጥሬ አረር በሚበትነው ሾትገን ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ባለ 20 ቁጥሩ ጥይት ከባለ 12 ቁጥሩ ይቀጥናል፤ በስህተት ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ ሾልኮ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ትክክለኛውን ከኋላ ጨምሮ ሲተኩስ አፈሙዙ ከግራ እጁ አጠገብ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ጥይቶች በተለምዶ በቢጫ ቀለም የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ መያዝ በፍጹም አይገባም።

ሦስተኛ፣ "አረር ሁሉ አረር ነው፤ ለጦር ሠራዊት የተሠራውም ያው ሥራ ይሠራል" የሚለው። ከመሣሪያው ሁሉ እንስሳው ጋ የሚደርሰው አረሩ ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ግን ከጽሑፋቸው ሁሉ ያነሰውን ቦታ የሰጡት ለእርሱ ነው።

በ1899 የሄግ ስምምነት መንግሥታት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይጠቀሙ ተስማሙ። ለጦር የሚሠራው አረር ዙሪያውን በጠንካራ ብረት እንደተሸፈነ የቀረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። በአደን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ብዙ አገሮች ለአጋዘንና ለመሰሎቹ የሚከፈት አረር እንዲሆን በሕግ ያዛሉ፤ በብረት የተሸፈነው በቀጭኑ በስቶ በሌላው ጎን ይወጣና እንስሳው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታልና። ወጥቶ የሚሄደው አረርም ከኋላ ላለው ሁሉ አደጋ ነው። አዳኙ የሚፈልገው አረር ቆዳውን አልፎ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ሰፊ መንገድ የሚቀድ፣ ግን ሳይበታተን እስከ ሳንባዎቹ ማዶ የሚደርስ ነው።

ይህ ሚዛን ቀላል አይደለም። ጆን ኖዝለር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጭቃ የደረቀበትን ግዙፍ የሰሜን አጋዘን ደጋግሞ ተኩሶ አረሮቹ በቆዳው ላይ ተበታትነው ወደ ውስጥ አልዘልቅ አሉት። ከዚያ ተነሥቶ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለበትን አረር ሠራ፤ የፊቱ ክፍል ይከፈታል፣ የኋላው ክፍል ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። በ1948 ለገበያ የቀረበው ያ አረር እስከ ዛሬ ይሠራል። ኖዝለር የያዘው ጠመንጃ ደግሞ .300 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነበር፤ ኃይል አልጎደለውም። የጎደለው አረር ነው። ጸሐፊው ኃይልን በአረር ምትክ ማስቀመጣቸው ስህተት ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኝም።

ስለዚህ አመራረጡ በእንስሳው አካል ይወሰናል። ቀጭን አካል ላለው ድኩላ ቶሎ የሚከፈት አረር ያስፈልጋል፤ ለዱር አሳማና ለትልልቅ አጋዘኖች ሽፋኑ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፤ ለዝሆን ፈጽሞ የማይከፈት ጠጣር። አንድ ጠመንጃ እነዚህን ሁሉ ሊወረውር ይችላል፤ ልዩነቱ ጥይቱ ላይ ነው።

ስለ መነጽሩ። ጸሐፊው 24 ጊዜ የሚያጎላውን ይመክራሉ። አንድ ስሌት ብቻ ላቅርብ፦ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚያጎላበት ቁጥር ብናካፍል ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው መነጽር በ24 ሲያጎላ ይህ ክብ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። እንስሳት የሚወጡት ደግሞ ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ማለት ጨለማን ማየት ነው። 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው መነጽር በ6 ሲያጎላ ግን ሙሉ 7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የእይታው ስፋትም እንዲሁ ነው። በ3 ሲያጎላ በ100 ሜትር ርቀት 11 ሜትር ያህል ስፋት ይታያል፤ በ24 ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እንስሳን በአንድ ሜትር ተኩል መስኮት መፈለግ ልብን ያደርቃል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ሁሉ ሃያ አራት ጊዜ አጉልቶ ያሳያልና ተኳሹ ይሸበራል፤ ተሸብሮም ምላጩን ይነጥቃል። ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ መነጽር ለአብዛኛው አደን ይበቃል፤ ሲሄዱም ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርጎ መሄድ ነው።

ለመነጽር ገንዘብ ከተረፈ ብቻ ያውጡ ያሉትንም አልቀበልም። የአሜሪካው ሊዮፖልድ ድርጅት በ1947 ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ፣ ጉም የማይዘው መነጽር ያወጣው ባለቤቱ አደን ላይ ሳለ መነጽሩ ውስጥ ውስጡን ጉም ይዞበት አጋዘኑ ስላመለጠው ነው። መካከለኛ ጠመንጃ ከጥሩ መነጽር ጋር ሁልጊዜ ከውድ ጠመንጃና ከርካሽ መነጽር ይሻላል። ከዓይን እስከ መነጽሩ ያለው ክፍተትም ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ባነሰ ቁጥር ርግጫው የመነጽሩን ጠርዝ ቅንድብ ላይ ያሳርፋል።

አሁን ወደ 500 ሜትሩ። ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ በሠንጠረዥ ላይ እውነት ስለሚመስል ነው። ርቀት መለኪያው ርቀቱን ይናገራል፤ መነጽሩ ላይ ያለው መቁጠሪያ ይዞራል፤ አረሩ ይሄዳል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው።

በ200 ሜትር ዒላማውን በትክክል እንዲመታ የተስተካከለ .30-06፣ 11.7 ግራም አረሩ በ300 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በ500 ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ። ይህን መቁጠሪያው ያስተካክለዋል እንበል። ነፋሱንስ? በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ቅጠል ከማንቀሳቀስ ብዙም የማያልፍ የጎን ነፋስ በ500 ሜትር ላይ ይህንኑ አረር ግማሽ ሜትር ያህል፣ ከዚያም በላይ ይገፋዋል። ነፋሱ ደግሞ ተኳሹ ባለበት ቦታና በሸለቆው መካከል አንድ ዓይነት አይደለም። የልብና የሳንባው ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር መሆኑን እናስታውስ። ነፋሱን በግማሽ የተሳሳተ ሰው አረሩን ሆድ ላይ ያሳርፈዋል።

ጊዜውም አለ። አረሩ 500 ሜትር ለመድረስ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዝግታ የሚግጥ አጋዘን በዚያች ጊዜ አንድ እርምጃ ቢራመድ የታለመለት ቦታ ላይ አይገኝም። ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ የለም፤ እንስሳው ሊራመድ ማሰቡን ማንም አስቀድሞ አያውቅምና። በመጨረሻም ፍጥነቱ ይቀንሳል። በዚያ ርቀት ያ አረር ወደ 560 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል፤ ብዙዎቹ የሚከፈቱ አረሮች ደግሞ ከዚህ ፍጥነት በታች ሲወርዱ በሚገባ አይከፈቱም። እንግዲህ ተኳሹ በትክክል ቢመታ እንኳ ከላይ ስለ ጦር አረር የተናገርኩት ችግር ተመልሶ ይመጣል።

እያንዳንዱ አዳኝ የራሱን ርቀት ሊያውቅ ይገባል፤ ማወቂያውም ቀላል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ይቁረጥ። አደን ላይ በሚተኩስበት አኳኋን፣ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ ወይም በዱላ ተደግፎ፣ ትንፋሹ ከእርምጃ ገና ሳይረጋ አምስት ጥይት ይተኩስበት። አምስቱም ክቡ ውስጥ የሚያርፉበት የመጨረሻው ርቀት የእርሱ ርቀት ነው። አራቱ ገብተው አንዱ ከወጣ ያ ርቀት የእርሱ አይደለም። ይህን ፈተና ለብዙ ሰዎች ሰጥቻለሁ፤ በጠረጴዛ ተደግፈው ድንቅ ከሚተኩሱት መካከል ብዙዎቹ ከ150 ሜትር አላለፉም። እኔም በነፋስ ቀን ከ200 ሜትር አልፌ አልተኩስም።

ሻጩ ካሰረው ዒላማ ማስተካከል አያስፈልግም ያሉትን በአጭሩ ልለፈው፤ መልሱ ግልጽ ነው። በሱቅ የሚደረገው ማስተካከያ አረሩ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ብቻ የሚያደርግ መነሻ ነው። በጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የተለካው 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የሙከራ አፈሙዝ ነው፤ ባለ 51 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ የያዘ ሰው 30 ሜትር በሰከንድ ያህል ያንስበታል። አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ጥይት ሌላው ይበትነዋል። አዳኙ ራሱ በሚያድንበት ጥይት ተኩሶ ያስተካክል፤ ጠመንጃው ከወደቀ ወይም ረጅም መንገድ በመኪና ከተንገጫገጨ እንደ ገና ይፈትሽ። ከሁሉ በላይ ለመጀመሪያው ጥይት፣ አፈሙዙ ቀዝቃዛ ሳለ ለሚተኮሰው፣ ትኩረት ይስጥ፤ አደን ላይ ያለችው እርሷ ናትና።

እርሳስ የሌለበትን ጥይት ፋሽን ማለታቸው ግን ሊታለፍ አይገባም። የእርሳስ አረር ሲከፈት ጥቃቅን ቅንጣቶች ከቁስሉ መንገድ ርቀው ሥጋው ውስጥ ይበተናሉ፤ በራጅ ሲነሣ እንደ በረዶ ብናኝ ይታያል። አዳኙ ሜዳ ላይ ጥሎት የሚሄደውን የሆድ ዕቃ አሞሮችና ንስሮች ይበሉታል፤ እርሳሱ ይመርዛቸዋል። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ታላቅ አሞራ ከመጥፋት አፋፍ ተመልሶም ዋነኛ ገዳዩ ይኸው የእርሳስ መርዝ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን ሁሉ እርሳስ ያለበትን ጥይት ከለከለች፤ ዴንማርክ የእርሳስ ጥራጥሬን በ1996፣ የጠመንጃውን አረር ደግሞ በሚያዝያ 2024 አገደች። ይህ የፋሽን ታሪክ አይመስለኝም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ አንዳንድ አፈሙዝም ውስጡ የተቀረጸው፣ አረሩን የሚያሾረው ጠመዝማዛ ቦይ ቀርፋፋ ከሆነ በሚገባ አያሽከረክረውም። ወደ መዳብ የሚሸጋገር አዳኝ በክብደት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ይሞክር፤ ዒላማውንም ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደ አዲስ ያስተካክል።

አሁን ወደ መጨረሻው ምክራቸው። "ካልወደቀ ስተኸዋል፤ ወደ ሌላው እለፍ።" ይህን የጻፈ እጅ የቆሰለ እንስሳ ተከትሎ የሄደ አይመስለኝም። በትክክል ሳንባው የተመታ አጋዘን ብዙውን ጊዜ በቆመበት አይወድቅም፤ ምንም እንዳልሆነ ይሮጣል። መሳቱን ወይም መምታቱን የሚናገረው እንስሳው የቆመበት መሬት ነው። አዳኙ ከተኮሰበት ሳይነቃነቅ ቦታውን በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ያድርግ፤ እንስሳው ወደየት እንደሄደ ይመልከት፤ ሌላ ጥይት ያጉርስና ይጠብቅ። ከዚያ ቦታው ላይ ደርሶ ይፈልግ። ደማቅና አረፋ ያለው ደም ከሆነ ሳንባ ነው፤ እንስሳው ሩቅ አልሄደም፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላልና ሁለት ሦስት ሰዓት ይስጠው። አረንጓዴ ነገር፣ የተፈጨ ሣር፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ካለበት ሆዱ ተመትቷል። ያን ጊዜ ወዲያው መከተል እንስሳውን አስነሥቶ ኪሎ ሜትሮች ማስኬድ ነው፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠብቆ፣ ቢቻል በሠለጠነ ውሻ፣ ዱካውን ይዞ መሄድ ነው። ደም ባይገኝ እንኳ ቢያንስ ሁለት መቶ ሜትር ያህል በሄደበት አቅጣጫ በጥንቃቄ ሳይፈተሽ ተሳተ አይባልም። ይህን ጊዜ ለመስጠት ያልተዘጋጀ ሰው ምላጭ አይንካ።

በ.375 የተኮስኩበት አጋዘን የቆመበት መሬት ላይ ያገኘሁት ሁለት ጠብታ ደምና የተፈጨ ሣር ነበር። ያኔ ይህን ማንበብ አላውቅም ነበርና ወዲያው ተከተልኩት፤ ሁለት ጊዜ ከተኛበት አስነሣሁት፤ መሸብኝ። ያገኘሁት በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው፤ ከተተኮሰበት ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንዝ ዳር፣ አንገቱን ወደ ውኃው ዘርግቶ ሞቷል። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን በእጄ ለካሁት። ያ 19 ግራም የሚመዝን አረር የገባው ከሳንባው ሁለት ጋት ወደ ኋላ ነበር።